ውሃ ቀዳ፣ ውሃ መልስ

የሥራ መደቡ አራት ነው፣ ያለነው ግን ሁለት።
ሦስተኛው ሚስማር ላይ የኮልተን ጃኬት
ባለቤቱ ከሄደ ወዲህ እንኳ አልወረደም፤
(ነዳጅ ማሳ ገባ፤ እጥፍ ደሞዝ ነው፣ አልፈርድም።)
አራተኛው ሰው ወረቀት ነው፣ በራችን ላይ የተለጠፈ፣
ዘጠኝ ወር ፀሐይ የላሰው፣ ጠርዙ የታጠፈ።
በጥቅምት አንድ አመልካች መጥቶ፣
የፍሳሹን ገንዳ ዞሮ አይቶ፣
"እደውላለሁ" ብሎ ሄደ፤ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።
የውሃ ብቻ ቢሆንማ ሽታችን፣ ባልሸሸ ነበረ።

ኤልም ፎርክ፣ ሰሜን ዳኮታ፤ ሁለት ሺህ ጉሮሮ፣
አርባ ማይል ቧንቧ፣ በአያቶች ዘመን ተቀብሮ፤
ከላይ የስንዴ ጎተራ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ነፋስ፣
ከታች የኛ ሥራ፦ ውሃ ቀዳ፣ ውሃ መልስ።
በአፍ ሲነገር ከንቱ ልፋት፤
ለእኛ ግን የሥራ ዝርዝር፣ ፊርማና ሰዓት ያለበት።

ሰኞ ማታ ከምክር ቤቱ ፊት ሰነዴን ዘርግቼ፣
"በወር ሦስት ዶላር ይጨመር" አልኩ፣ ከነስሌቱ አስረድቼ፤
ለአንድ ሠራተኛ፣ ለአንድ መጠባበቂያ ፓምፕ።
ሊላንድ ሃውጌን፣ ሰብሳቢው፣ ብርጭቆውን አንስቶ፣
ጭልጥ አድርጎ ጠጥቶ፣
"ውሃ የሚያነሳ ምክንያት አምጣ" አለኝ።
ባዶውን ብርጭቆ አየሁት።
ማርዴል ቃለ ጉባኤ ያዘች፦
"ለመጋቢት ተላልፏል"፤ ለሦስተኛ ዓመት ያንኑ ጻፈች።

ኦርቪን ቶርስታድ ዓርብ ጡረታ ይወጣል።
አርባ አንድ ክረምት ከጉድጓድ የዋለ ሰው ኬክ ይቆርጣል።
እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው፦
የቫልቮቹ ካርታ ያለው ከሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤
የወረቀቱን፣ በጎርፉ ዓመት፣ ውሃ በላው።

ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ፣ ቀይ ቀለምና ደብተር ይዤ፣
እንደ ደቀ መዝሙር ከኋላው፣ በብርድ ደንዝዤ።
"እዚህ" ይላል፣ በረዶውን በጫማው ገፍቶ፤
"ከሉተራኑ ደወል ሰባት እርምጃ።"
"እዚህ። ቀስ ብለህ ቆፍር፤ ሴትየዋ ውሻዋን ቀብራለች።"
"ይሄኛው ደግሞ በግራ ነው የሚዘጋ፤
ማን እንደገጠመው እንጃ፤
ከሦስት መቶው መሃል፣ ግራ የገባው እሱ ብቻ።"
እስክሪብቶዬ በረዶ ሆነ። በእርሳስ ጻፍኩት፦
ግራ።

ከሰዓት ወደ ፍሳሽ ማንሻው። ፓምፑ ታንቋል።
ሕዝቡ ለነፍስ አባቱ የማይነግረውን ለእኛ ይለቃል፦
ጨርቅ፣ የልጅ መኪና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የረጋ ጮማ።
አንድ ጊዜ ኦርቪን ቀለበት አገኘ፣ ስም የተቀረጸበት፤
አጥቦ፣ በፖስታ አሽጎ፣
ማታ፣ ቃል ሳይጽፍ፣ ከሴትየዋ ደጅ አኖረላት።
"ወድቆባት ነው ወይስ ጥላው?" ስለው፣
"እሱ ከቆጣሪው ወዲያ ነው" አለኝ፣ እጁን እየታጠበ።

ዓርብ ኬኩ ተቆረጠ። ሊላንድ እጁን ጨበጠው።
ኦርቪን የቁልፉን ዘለላ በናፕኪን ጠቅልሎ
ኪሴ ውስጥ ከተተው፤ ክብደቱ ኮቴን አዘመመው።
መደቡ አሁንም አራት ነው።

ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
አራተኛው ጎዳና ፈነዳ፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ፤
ውሃው ጭስ መስሎ ከአስፋልቱ ሲነሳ፣
ብቻዬን፣ ረጅሙን ቁልፍ በሁለት እጄ፣ ወደ ቀኝ ታገልኩ፤
ብረቱ እምቢ አለ። አምርሬ ረገምኩ።
ደብተሩን አወጣሁ፤ ገጹ ረጥቦ ተጣብቋል፤
እርሳስ ግን ውሃ አይፈራም፣ አንዱ ቃል ይነበባል።
ወደ ግራ።
አቃሰተ። ዞረ።
መንገዱ ዝም አለ፤ ከተማው እንደተኛ ነበረ።

ጠዋት አንዲት አሮጊት ደወሉ፦
"ውሃዬ ዛሬ ደፈረሰ፤ እናንተ ምን ትሠራላችሁ?" አሉ።
የሌሊቱን አልነገርኳቸውም፤ ጣቴም ገና አልሞቀም።
"ሁለት ደቂቃ ይልቀቁት፣ እማማ፤ ይጠራል።"
ስልኩን አስቀመጥኩ።
ሌላው ይጠራል።